ስለ ፋሲካ በዓልና በራስ ላይ ስለሚታሰረው የሰላም ምልክት

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ፋሲካ በደረሰ ጊዜ ሰው ሁሉ ይዘጋጃል። እናቶች ጠላውን ይጠምቃሉ፥ ድፎውን ይደፋሉ፤ አባቶች ለቅርጫ የሚሆነውን በሬ ይመርጣሉ፥ በጉን ከገበያ ይነዳሉ፤ ልጆችም አዲሱን ልብሳቸውን የሚለብሱበትን ቀን እየቈጠሩ ይጠባበቃሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ልጅ በቅዳሜው ዕለት አባቱን፥ «ይህን ቄጠማ በራሳችን ላይ ያሰርነው ስለ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ብዙው አባት፥ «የአባቶቻችን ልማድ ነው» ብሎ ዝም ያሰኘዋል። እግዚአብሔር ግን ለእስራኤል የመጀመሪያውን ፋሲካ ባዘዘ ጊዜ፥ ልጆቻቸው የሥርዐቱን ትርጓሜ ሲጠይቋቸው ሊመልሱላቸው እንደሚገባ አብሮ አዝዟል። እንግዲህ ፋሲካ ከጥንት ጀምሮ ልጅ የሚጠይቅበት፥ አባትም የሚመልስበት በዓል ነው።

ስለዚህ በዚህች አጭር ትምህርት አስቀድመን በዓሉ ከወዴት እንደ መጣ፥ ቀኑም እንዴት እንደ ተወሰነ እንመለከታለን። ከዚህ በኋላ ምልክቶቹ ምን ማለት እንደ ሆኑ እንናገራለን። በመጨረሻም ምልክቱን የተቀበለ ሰው ምን ዕዳ እንዳለበት እንመረምራለን። አንባቢ ሆይ፥ ይህን የመጨረሻውን ነገር ሳትደርስበት መጽሐፉን እንዳትዘጋው እንለምንሃለን፤ የቀረው ሁሉ የተጻፈው ስለ እርሱ ነውና።

1ኛ፤ በዓሉ ከወዴት እንደ መጣ

ፋሲካ የሚለው ስም ከዕብራውያን የመጣ ነው። እነርሱ ፔሳሕ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ማለፍ ማለት ነው። በአራማይክና በግሪክ ቋንቋ ፓስካ ተባለ፤ እኛም ፋሲካ የምንለው ከዚሁ ሥር ነው። የስሙም ምክንያት በኦሪት ዘጸአት በ12ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። እስራኤል በግብፅ በባርነት ሳሉ፥ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ነውር የሌለበትን የአንድ ዓመት ጠቦት በወሩ በ10ኛው ቀን እንዲመርጥ፥ በ14ኛውም ቀን ሲመሽ እንዲያርደው ታዘዘ። ደሙንም በሂሶጵ እየነከሩ በሁለቱ መቃንና በጉበኑ ላይ ቀቡት። ሥጋውንም በእሳት ጠብሰው፥ ከቂጣና ከመራራ ቅጠል ጋራ፥ ወገባቸውን ታጥቀውና በትራቸውን ይዘው፥ እየቸኰሉ በሉት። በዚያች ሌሊት ሞት ደም ያለበትን ቤት አልፎ ሄደ፤ ስለዚህ በዓሉ ማለፍ ተባለ።

በዚያ ትእዛዝ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ቤተ ሰቡ ጥቂት ስለ ሆነ አንድ ጠቦት መጨረስ የማይችል ሰው፥ በቤቱ አጠገብ ካለው ጐረቤቱ ጋራ እንዲካፈል ታዝዟል። ወንድሜ ሆይ፥ አስተውል። ከጐረቤቱ ጋራ የማይነጋገር ሰው በዚያች ሌሊት እንዴት አድርጎ ከእርሱ ጋራ ጠቦት ይካፈላል? እንግዲህ ፋሲካ ገና ሲጀመር የታረቁ ጐረቤቶችን የሚሻ በዓል ነበረ።

አይሁድ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን በዓል ያከብራሉ፤ ሰባቱን ቀን እርሾ ያለበትን እንጀራ ከቤታቸው ያርቃሉ። በአገራችን በጐንደርና በስሜን አውራጃዎች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም እንደ እኛው ፋሲካ ብለው እየጠሩት፥ ጠቦት እያረዱና ቂጣ እየበሉ ሲያከብሩት ኖረዋል።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የተሰቀለው በኢየሩሳሌም ይህ በዓል በሚከበርበት ወራት ነው፤ የተነሣውም ከሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን በእሑድ ነው። ስለዚህ ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ ክርስቶስን የእኛ ፋሲካ ብሎ ጠራው፤ ወዲያውም አሮጌውን እርሾ እንድናስወግድ መከረን። እርሾውም ክፋትና ግፍ እንደ ሆነ ገለጸ። ይህን የጻፈው ለማን ነው? በመካከሉ መለያየት ለነበረበት፥ ወንድም ወንድሙን በዳኛ ፊት ለሚከስበት ማኅበር ነው። እንደ እነዚያ ላሉ ሰዎች በዓሉን በቅንነት እናክብር አላቸው እንጂ በዓሉን ተዉት አላላቸውም።

2ኛ፤ ቀኑ እንዴት እንደ ተወሰነ

በጥንት ዘመን ክርስቲያኖች ስለ ፋሲካ ቀን አንድ አሳብ አልነበራቸውም። በእስያ አውራጃ የነበሩት ከአይሁድ ወር ከኒሳን በ14ኛው ቀን ያከብሩት ነበር፤ ቀኑም ማክሰኞ ወይም ዓርብ ቢሆን አይለውጡትም ነበር። በሮማና በሌሎች ብዙ አገሮች የነበሩት ግን ትንሣኤ ከእሑድ በቀር በሌላ ቀን አይከበርም ይሉ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ155 ዓ.ም. ገደማ የሰምርኔስ ኤጲስ ቆጶስ ፖሊካርፐስ፥ ሽማግሌ ሳለ፥ ወደ ሮማ ሄዶ ከዚያች ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ከአኒቄጦስ ጋራ ስለዚህ ነገር ተነጋገረ። ፖሊካርፐስ አኒቄጦስን ማሳመን አልቻለም፤ አኒቄጦስም ፖሊካርፐስን ማሳመን አልቻለም። ነገር ግን አልተጣሉም። አኒቄጦስ ሽማግሌውን አክብሮ በራሱ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን እንዲመራ አደረገው፤ አብረውም ቈረቡ፤ በሰላምም ተለያዩ።

ከ40 ዓመት ያህል በኋላ ሌላው የሮማ ኤጲስ ቆጶስ ቪክቶር፥ ቀኑን እንደ እርሱ የማያከብሩትን የእስያ ማኅበሮች ከአንድነት ሊለያቸው ተነሣ። በዚያን ጊዜ በጋሊያ የልዮን ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ሄሬኔዎስ ደብዳቤ ጻፈለት፤ የፖሊካርፐስንና የአኒቄጦስንም ፍቅር አሳሰበው። የእርሱ ስም በግሪክ ቋንቋ ሰላም ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ሥራውም እንደ ስሙ ሆነ። እኛም የእነዚያን የሁለቱን ሽማግሎች ታሪክ ያወቅነው ሄሬኔዎስ ለማስታረቅ ስለ ጻፈው ነው።

በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ክርስቲያኖች ሁሉ ፋሲካን በአንድ ቀን በእሑድ እንዲያከብሩ ወሰኑ። በአገራችን ቀኑ የሚወጣው ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የቍጥር ትምህርት ነው፤ አባቶችም ይህን ትምህርት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጡታል። በዚህ ቍጥር መሠረት ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምም፥ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም። በቤተ ክርስቲያን የወቅት አቈጣጠርም ጸደይ የሚገባው በዚሁ በመጋቢት 26 ቀን ነው። እስራኤል ከግብፅ የወጡበት ወር አቢብ ይባላል፤ ይህም የእሸት ወር ማለት ነው። ደረቁ ምድር የሚለመልምበት ወራትና ከመቃብር የመነሣት በዓል እንዲህ ተጋጥመዋል።

የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ዓ.ም. የዘመን አቈጣጠሩን ካሻሻለ ወዲህ የምዕራባውያንና የእኛ ፋሲካ አንድ ጊዜ ይራራቃል፥ አንድ ጊዜም ይገጥማል። በአገራችን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. እነርሱ መጋቢት 22 ቀን ሲያከብሩ እኛ ሚያዝያ 27 ቀን አከበርን፤ በመካከሉ አምስት ሳምንት ነበረ። በ2017 ዓ.ም. ግን ሚያዝያ 12 ቀን ሁላችንም አብረን አከበርን። በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖር ወንድሜ ሆይ፥ ጐረቤትህ በዓሉን ሲያከብር አንተ ገና በጾም ላይ ብትሆን፥ ስለዚህ አትናቀው፤ እርሱም እንዳይንቅህ በመልካም ጠባይህ አስተምረው። ፖሊካርፐስና አኒቄጦስ እንዲህ አድርገዋልና።

3ኛ፤ ምልክቶቹ ምን ማለት እንደ ሆኑ

በዓሉ በ55 ቀን ጾም ይቀድማል፤ በመጨረሻውም ሳምንት ምልክቶች ይበዛሉ። እያንዳንዱን በአጭሩ እንመልከት።

በሆሳዕና ዘንባባ ይታደላል፤ ሰውም ቀለበትና መስቀል አድርጎ እየሠራ በጣቱና በግንባሩ ያደርገዋል። ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ የተቀበለው ንጉሥ በጦር ፈረስ ላይ ሳይሆን በአህያ ላይ ተቀምጦ እንደ መጣ አስብ። ዘንባባ ያሰረ ሰው በትዕቢት ሊመላለስ አይገባውም።

በሰሙነ ሕማማት መሳሳምና መጨባበጥ ይቀራል። ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ሰጥቶታልና፥ በዚያ ሳምንት ሰላምታችንን አቁመን ራሳችንን እንመረምራለን። ልቡ ተቈጥቶ ሳለ በከንፈሩ የሚስም ሰው የማንን ሰላምታ እንደሚሰጥ ይመርምር።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ እግር ያጥባሉ። የዮሐንስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ እንደሚነግረን፥ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበ ጊዜ ይሁዳ ገና ከማዕዱ አልወጣም ነበር። እንግዲህ የታጠበው የወዳጅ እግር ብቻ አይደለም። በዚያው ቀን በየቤቱ የሚበላው ጉልባን እስራኤል ከግብፅ እየቸኰሉ የወጡበትን ቀን ያሳስበናል።

በስቅለት ዓርብ ሕዝቡ ከጥዋት እስከ ማታ ይሰግዳል፤ በመጨረሻም ወደ ካህኑ ቀርቦ ኀጢአቱን ይናዘዛል፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባውን እየመቱ የሚሰግደውን ቍጥር ይነግሩታል። ጕልበቱ እስኪዝል የሰገደ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ በወንድሙ ፊት አንድ ጊዜ ዝቅ ማለት ቢያቅተው፥ ያ ሁሉ ስግደት ለምን ጠቀመው?

በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ለምለም ቄጠማ ያድላሉ። ሥዑር የተባለውም በሌላ ጊዜ የማይጾመው ቅዳሜ በዚያ ቀን ስለሚጾም ነው። ቄጠማው በራስ ላይ ይታሰራል፤ ትርጓሜውም ከኖኅ ዘመን የመጣ ነው። የጥፋት ውሃ በጐደለ ጊዜ ርግብ ለምለም ቅጠል በአፏ ይዛ ወደ መርከቡ ተመለሰች፤ ኖኅም ቍጣ እንዳለፈና ምድር እንደ ተገኘች ዐወቀ። ልክ እንዲሁ ቄጠማው በክርስቶስ መስቀል በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ሰላም እንደ ሆነ ያበሥራል። ስለዚህ ቄጠማ የሚያስር ሰው፥ «እኔ የታረቅሁ ሰው ነኝ» ብሎ በግንባሩ ጽፎ እንደሚሄድ ነው።

በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይበራል፤ ሌሊቱ ሲጋመስም ትንሣኤው ይታወጃል፤ ዶሮ ሲጮኽም ጾሙ ይፈታል። ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዶ መራራ ልቅሶ ያለቀሰው በዶሮ ጩኸት ነበር። ነገር ግን በማርቆስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ በመቃብሩ የነበረው መልአክ ለሴቶቹ የትንሣኤውን ወሬ ሲነግራቸው ጴጥሮስን በስሙ ጠርቶ እንዲነግሩት አዘዛቸው። በዶሮ ጩኸት የካደው ሰው ይቅር እንደ ተባለ እያሰብን በዶሮ ጩኸት ማዕዳችንን እንቈርሳለን።

በሌሎች አገሮችም ሌላ ምልክት አለ። ግሪኮች እንቍላልን በቀይ ቀለም ነክረው ይሰጣጣሉ፤ ቀዩም ቀለም የክርስቶስ ደም፥ ቅርፊቱ የተዘጋው መቃብር፥ መሰበሩም ትንሣኤው ነው ይላሉ። በቀድሞው ዘመን በአውሮፓም እንቍላል በጾም አይበላም ነበርና፥ በፋሲካ ቀን ማግኘቱ ለልጆች ትልቅ ደስታ ነበር። ጀርመኖች ለልጆቻቸው እንቍላሉን ጥንቸል አመጣችው እያሉ ያጫውቷቸው ነበር፤ ይህንንም ወደ አሜሪካ የሄዱ ጀርመናውያን ይዘውት ሄዱ። እንግሊዞችም በዓሉን ኢስተር ይሉታል፤ ቤዳ የተባለው መነኵሴ በ725 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ ስሙ በጥንት አሕዛብ ታመልከው ከነበረች ኢዮስትሬ ከምትባል ጣዖት የወጣ ነው ብሏል። ይህን ሰምተህ በሌላው አገር ልማድ ላይ አትፍረድ። ምልክት ሁሉ የሚፈረደው ተሸካሚውን ወዴት እንደሚወስደው በማየት ነው፤ የእኛም ቄጠማ እንዲሁ።

4ኛ፤ ምልክቱን የተቀበለ ሰው ዕዳ

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሁለት ባላገሮች አሉ እንበል። እርሻቸው ይዋሰናል፤ ከአባቶቻቸው ጀምሮ አብረው ቅርጫ ይገቡ ነበር። አንድ ዓመት ስለ ድንበር ድንጋይ ተጣሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም፤ ሚስቶቻቸውም በአንድ ምንጭ ውሃ አይቀዱም፤ ልጆቻቸውም አብረው ከብት አይጠብቁም። ቅዳሜ ቀን ሁለቱም ወደ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። አንዱ ካህን ከአንድ እቅፍ ቄጠማ ለሁለቱም ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ይሳለማሉ፥ በራሳቸውም ላይ ያስራሉ። ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተላልፈው ፊታቸውን ያዞራሉ። ወንድሜ ሆይ፥ በግንባራቸው ያለው ሰላም፥ በልባቸው ያለው ጠብ ነው። ከሁለቱ የትኛው እውነተኛ ምስክር ነው?

ምናልባት አንተ፥ «የበደለኝ እርሱ ነውና እርሱ ይጀምር» ትል ይሆናል። የዮሐንስን ወንጌል 20ኛውን ምዕራፍ አንብብ። ደቀ መዛሙርቱ ጌታቸውን ጥለው ሸሽተው፥ ደጁን ዘግተው ተቀምጠው ነበር። የተበደለው እርሱ ነበረ፤ ነገር ግን ወደ እነርሱ የመጣ እርሱ ነው። ሲመጣም የመጀመሪያው ቃሉ ወቀሳ አልነበረም፤ ሰላም ነበረ። የተበደለ ሰው ቀድሞ ሲሄድ አይዋረድም፤ ጌታውን ይከተላል እንጂ።

ምናልባትም፥ «መሬቴን ወስዶብኛል፤ ብታረቅ ግፉን አጸደቅሁለት ማለት ነው» ትል ይሆናል። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ቀላል ነው አንልህም። ይቅርታ ማለት እውነትን መሸፈን አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ወንድምህ ቢበድልህ አስቀድመህ ለብቻህ ሄደህ ንገረው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ የሚል ምክር አለ። እንግዲህ በደሉን ተናገር፤ ነገር ግን በመጠጥ ቤትና በገበያ ሳይሆን ለራሱ ተናገር። ሽማግሎችን ላክ፤ ስለ ድንበሩ ይፍረዱ። ፍርድ መፈለግ ኀጢአት አይደለም፤ ፍርድ ሳትፈልግ ጥላቻውን እያሞቁ መቀመጥ ግን እርሾን በቤት መደበቅ ነው።

የበደልኸው አንተ ከሆንህ ደግሞ በቃል ብቻ ይቅር በለኝ ማለት አይበቃህም። ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ። የነቀልኸውን የድንበር ድንጋይ ወደ ቦታው መልስ፤ የያዝኸውን ገንዘብ ስጥ፤ ያወራኸውን ሐሜት በሰሙት ሰዎች ፊት አስተባብል። የፋሲካ በግ ከመግዛትህ በፊት ይህን አድርግ፤ በሰው ገንዘብ የተገዛ በግ የፍስክ ማዕድ ሊሆን አይገባውምና።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። አንዳንድ ሰው፥ «የሚመጣው ፋሲካ ይድረስ፤ ያን ጊዜ እታረቃለሁ» እያለ ዓመቱን ያሳልፋል። ፋሲካው ይደርሳል፤ ያ ሰው ግን አይገኝም። ከተቀበረ ወንድም ጋራ መታረቅ የለም፤ በመቃብሩ ላይ የሚፈሰው እንባም እርሱን ሊያናግረው አይችልም። ይህ ደርሶብህ ከሆነ ተስፋ አትቍረጥ፤ ለእግዚአብሔር ተናዘዝ፤ ለሟቹም ልጆች አባታቸው ሊያገኘው የሚገባውን ፍቅር አድርግላቸው። ገና ካልደረሰብህ ግን፥ እነሆ፥ ወንድምህ በሕይወት ሳለ፥ ዛሬ እግርህን አንሣ።

በመጨረሻም ጐረቤቱን የሚያስብ ሰው በቅርጫው ቀን ድኻውን አይርሳ። ቅርጫ የሚገባው መደቡን መክፈል የሚችል ብቻ ነው፤ አጥር ለአጥር የምትኖረው መበለት ግን የሌላውን ቤት ወጥ እያሸተተች ታድራለች። ጠቦቱን ከጐረቤት ጋራ እንዲካፈሉ ያዘዘው አምላክ ዛሬም አልተለወጠም። ከመደብህ ላይ ጥቂቱን አንሥተህ በልጅህ እጅ ላክላት፤ ልጅህም የበዓሉን ትርጓሜ ከአንተ ንግግር ይልቅ ከዚህ ይማራል። ለበዓሉም ብለህ ከዐቅምህ በላይ አትበደር፤ በጠላና በጠጅም የታረቅኸውን ሰው መልሰህ አትጣላ። ብዙ ጠብ የሚወለደው በበዓል ማታ ነውና።

ለማስተዋል የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ፤ ልጅህ ስለ ቄጠማው ቢጠይቅህ ምን ብለህ ትመልስለታለህ?

2ኛ፤ ፖሊካርፐስና አኒቄጦስ ሳይስማሙ በሰላም የተለያዩት እንዴት ነው? አንተ ከማይስማማህ ሰው ጋራ እንዲህ ልታደርግ ትችላለህን?

3ኛ፤ ስሙ በተጠራ ጊዜ ልብህ የሚጠቍርበት ሰው ማን ነው? ወደ እርሱ ለመሄድ የሚከለክልህ ምንድር ነው?

4ኛ፤ በዚህ ዓመት ከቅርጫህ ለማን ትልካለህ?

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፤ ቄጠማው በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ ሴቶችም ጠርገው ያወጡታል። በእርሱ ምክንያት የታረቅኸው ወንድም ግን በሚመጣው ዓመት በዚያው ደጅ ቆሞ፥ በራሱ ላይ አዲስ ቄጠማ አስሮ፥ እንኳን አደረሰህ ይልሃል። በዶሮ ጩኸት ለካደው ለጴጥሮስ ወሬ የላከ ጌታ፥ ለእኛም ሄደን የምንታረቅበትን ልብ ይስጠን። አሜን።